የአቦይ ኢድሪስ ሰልባትዮ

ባለፈው ሐሙስ እዚህ ጀርመን፣ ኦይሮፓፊርቴል በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ ከዓይን ሐኪም ጋር ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ነበረኝ። ቀድሜ ስለደረስኩ በአዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አንድ አትክልተኛ የሣር ማጨጃውን ሊሞላ ከጄሪካን ቤንዚን ሲቀዳ ጥቂት መሬት ላይ ፈሰሰበት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ቦታ ድሮ የዕቃ ባቡር ጣቢያ ነበር። አሁን የሕፃናት መጫወቻ ያለበት አካባቢ፣ ከሐዲዱ ዳር፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና፤ ከመኪናዋ ሥር ደግሞ እግራቸው ብቻ የሚታይ አቦይ ኢድሪስ። እኔ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቴ ነው።

አቦይ ኢድሪስ ፕሮይንገስሃይም በሚባለው ሰፈር ከኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። በጉብዝናቸው ከአሰብ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። አማርኛን ትምህርት ቤት ጀምረው መንገድ ላይ ስለጨረሱት፣ አነጋገራቸው ውስጥ የወሎውም የመርካቶውም የአዋሹም ቃል ነበረበት። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ሸሽተው ሲወጡ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘይነብ ኮምቦልቻ ቀሩ። ከተለያዩ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሰው ሁሉ “ምነው ሄደው ቢጠይቋቸው?” ሲላቸው፣

“እንግዳ ሆኜ ቤቴ አልገባም። ስሄድ ልቀር ነው፤ ስቀር ደግሞ የምሠራበትን ይዤ ነው” ይሉ ነበር።

ያ ዓመት ጊዜው የደረሰ መሰለ። የዕቃ ባቡር ጣቢያው ሊዘጋ ነው ተባለ፤ እሳቸውም እዚያው ጣቢያ ከነበራቸው የጭነት ሥራ ጡረታ ሊወጡ ሆነ። በእጃቸው በገባችው ገንዘብ ከአንድ የአትክልት ገበሬ ያቺን መኪና ገዙ። በመርከብ አሰብ ያደርሷታል፤ ከአሰብ በሚያውቁት መንገድ እየነዱ ኮምቦልቻ፣ ወይዘሮ ዘይነብ በር ላይ ያቆሟታል። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ሺሽት፣ ማለት የሥራ ፈረቃ፣ ነበራት። አባቴ ፖስታ ቤት ጥቅል ሲደረድር ውሎ የሚመጣው ሲመሻሽ ነው። ስለዚህ አቦይ የጠዋት ሥራቸውን ጨርሰው እኔን ከትምህርት ቤት ይወስዱኛል፤ አብረን ወደ መጋዘኑ እንሄዳለን። እሳቸው ይጠብቁኛል፣ እኔ ምላስ እሆናቸዋለሁ። ጀርመንኛቸው ከጭነት ሥራው ቃላት አያልፍም ነበርና ለአሮጌ መለዋወጫ ሻጩም ለመርከብ ወኪሉም ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ። ሻጩ ድምፄን ሲሰማ “እናትሽን አቅርቢልኝ” ይለኛል። “እናቴ ስለ ቤንዚን ቱቦ አታውቅም” እለዋለሁ። አቦይ ከመንገድ ዳሩ የስልክ ሳጥን ውጭ ቆመው፣ የቱቦውን ውፍረት በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው እየለኩ ያሳዩኛል።

የመኪናዋ ሞተር ውርጭ ሰንጥቆት ነበር። ለእሷ የሚሆን እንደ ድሮው ባለ ካርቡራተር ሞተር ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣ። በመጨረሻ አባቴ ከተጋጨች መኪና የወጣ፣ ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ኢንጀክሽን ሞተር አገኘ። አባቴ በተማሪነቱ የመጣበትን የምህንድስና ትምህርት ሳይጨርስ ነው የተወው፤ ያቺ መኪና ግን እርሳስና ወረቀት መልሳ አስያዘችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና፣ እሱ ይስላል፣ አቦይ ይዳስሳሉ፣ ይከራከራሉ። ሞተሩ ቦታው ላይ ለመቀመጥ ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገራቸው ሰልባትዮው፣ ማለት የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ነበር።

መጀመሪያ አወረዱት። አሮጌውን ቤንዚን ቀድተው፣ አፉን ከፍተው፣ አንድ ሳምንት ደጅ አናፈሱት። ከዚያ ጠጠር ጨመሩበት፣ የፈላ ውኃና ሳሙና አፈሰሱበት፤ እኔ በአንድ በኩል እሳቸው በሌላው ይዘን ማንከባለል ጀመርን። ጠጠሩ ውስጡ ሲሮጥ ይንሿሿል። የሚወጣው ውኃ መጀመሪያ እንደ ሸክላ ቀይ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጠራ። እጄ፣ ሹራቤ፣ የሒሳብ ደብተሬ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ከእኔ አራቀች፤ እኔ ግን ሽታውን ወድጄው ነበር።

እራት ላይ እናቴ “ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?” አለችኝ።

“ከአቦይ ጋር ታንክ ስናጥብ።”

ጉርሻዋ አፏ አጠገብ ቆመ። “የምን ታንክ?”

“ወደ አሰብ የሚወስዱትን ታንክ ነዋ!”

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። በጀርመንኛ ሰልባትዮው ታንክ እንደሚባል እስኪያስረዳት ድረስ የእናቴ ፊት አልተመለሰም።

ሰልባትዮው ከደረቀ በኋላ ከላይ በኩል በእጅ መጋዝ እንደ መስኮት ቆረጡት። እሳት ገና አይጠጋውም ነበር፤ አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

“አቦይ፣ ለምን ይቆርጡታል? ደህና አይደለም እንዴ?” አልኳቸው።

“ለድሮው ሞተር ደህና ነው ጓለይ። የድሮው ሞተር ካርቡራተሩ ውስጥ ስንቅ ይይዛል። ሰልባትዮው ጎድሎ ቤንዚኑ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ቢሸሽበት፣ ከስንቁ እየቀመሰ ያልፋል። ይሄኛው ስንቅ የለውም። ለአንድ አፍታ አየር ከሳበ ያስላል፤ ካሳለ ይቆማል። ስለዚህ እሆዱ ውስጥ ቤንዚኑ የማይሸሽበት ትንሽ ጓዳ እንሠራለታለን። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ?”

“አላውቀውም።”

“እንግዲያው እመኚኝ።”

“ጓለይ” በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። እስኪነገረኝ ድረስ ስሜን አሳጥረው የሚጠሩኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መጋቢት አጋማሽ ላይ መኪናዋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አባቴና አቦይ ከሥር ናቸው። የአባቴ ድምፅ ከወለሉ በታች መጣ፤

“መመለሻው ካልተሠራ መሄድ የለም።”

“ተሠርቶ ይመጣል አላልክም?” አሉ አቦይ።

“ማክሰኞ እጃችን ይገባል። ከዚያ በኋላማ ምን ያግደናል? በሚያዝያ መጀመሪያ እንሄዳለን።”

እንሄዳለን አለ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። እኛ ቤት መመለስ የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሰርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ትልልቆቹ አንድ ላይ በተቀመጡ ቁጥር “እኛኮ እንመለሳለን” ይባላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚመለስ፣ ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ አይነገርም። አባቴም በዚያ ሰሞን ፓስፖርቱን አሳድሶ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ። ነገሩን በልቤ ገጣጠምኩት። አባቴ ከአቦይ ጋር ሊሄድ ነው። የሚሄደው ግን ያቺ መመለሻ የምትባል ነገር ከመጣች ብቻ ነው። እናቴን አልጠየቅኋትም፤ የማታውቅ ከሆነ እኔ መንገር ፈራሁ።

ማክሰኞ መጣች። አውራ ጣት የምታክል፣ ከነሐስ የተቀረጸች፣ መሐሏ ክፍት ነገር ነች። አባቴ የሚያውቀው አንድ ጀርመናዊ ቶርኒተር ነበር የቀረጻት። አባቴ በእጃቸው ሰጣቸው፤ አቦይ ብርሃን ላይ አዙረው አዩዋት፣ በአንድ ዓይናቸው በቀዳዳዋ አጮለቁ፣ ከዚያ የብሎን ጣሳው ውስጥ አኖሯት።

በማግስቱ አቦይ ፊታቸውን ሲታጠቡ ከጣሳው አውጥቼ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ያን ቀን የመርከብ ወኪሉ ጋ ቴርሚን ስለነበራቸው ማይን ወንዝ ዳር ወዳለው ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ሄድን። ወኪሉ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ መርከቡ በሚያዝያ መጀመሪያ እንደሚነሣ ነገረኝ፤ እኔም ነገርኳቸው። አቦይ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑት። ስንወጣ የዐሱር ሰላት ደርሶ ነበርና ወንዙ ዳር፣ ከአንድ ክሬን ጀርባ ነፋስ የማይነካበት ቦታ ፈልገው ካፖርታቸውን አነጠፉ።

“እዚህ ቁሚ፤ ወደ ውኃው አትጠጊ” አሉኝ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሰገዱ። ግንባራቸው መሬት ሲነካ እኔ ወደ ውኃው ተጠግቼ ያቺን ነሐስ ማይን ውስጥ ወረወርኳት። እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ እንኳ አላሰማችም። አቦይ ሰግደው ሲጨርሱ ካፖርታቸውን እያራገፉ፣ “ምነው፣ በርዶሻል?” ብለው የራሳቸውን ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ።

ቅዳሜ ዕለት አባቴ የብየዳውን ዕቃ ተውሶ መጣ። ሰልባትዮው በውኃ ተሞልቶ፣ ለእሳት የሚሆነው ቦታ ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቶ ይጠብቃል። ጣሳው ተገለበጠ፤ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተለቀሙ። አቦይ በጉልበታቸው ወርደው ወለሉን በመዳፋቸው ጠረጉት።

“እዚሁ ነበር ያኖርኳት። ወላሂ እዚሁ ነበረች።”

“አቦይ፣ በእጅዎ ነው የሰጠሁዎት!” አለ አባቴ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግባቸው ሰምቼው አላውቅም። “የቀረጻት ሰውዬ ለኦስተርን ኡርላውብ፣ ለፋሲካ ዕረፍት፣ ወጥቷል። ሦስት ሳምንት! መርከቡ ሦስት ሳምንት ይጠብቀናል? አንድ ዕቃ መያዝ ያቅትዎታል?”

የጎረቤት መጋዘን ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። አቦይ ከጉልበታቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

“እርጅና ነው፣ ተፈራ” አሉት አባቴን። “ይቅር በለኝ።”

ሽማግሌ ልጁ የሚሆነውን ሰው ይቅርታ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋቢናው ውስጥ ሆኜ ፊቴን በደብተሬ ሸፈንኩ። አባቴ አይሄድም ብዬም መደሰት አልቻልኩም።

ሦስቱ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛዋ ነሐስ ስትመጣ አባቴ ራሱ ያዛት፤ ለአቦይ አልሰጣቸውም። በየዳት። ነሐሱ ሲቀልጥ አረንጓዴ ነበልባል ወጣ። ሥራው ሲያልቅ አቦይ ጠሩኝና በጣታቸው አሳዩኝ።

“ይቺ ናት እንግዲህ መመለሻዋ። ፖምፓው ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ይገፋል። የተረፈው በዚህች ገብቶ ሰልባትዮው ውስጥ ይመለሳል፤ እጓዳው ላይ ይፈስሳል። ይቺ ባትኖር ቤንዚኑ መሄጃ ያጣል።”

“ለቤንዚኑ ነው?” አልኩ።

“ለማን ሊሆን ኖሯል?”

“አባዬስ? እሱም ከእርስዎ ጋር ይሄድ የለም?”

“እስከ ወደቡ። በማግስቱ ቤቱ ይገባል።”

ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ቶሎ እንድታልቅ። ቱቦ ያዝኩ፣ ክር ጠረግሁ፣ ብሎን ለቀምኩ። አቦይ “ይህች ልጅ ምን ነካት?” እያሉ ይገረማሉ። ሞተሩ ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተነሣ። መርከቡ ግን ሄዷል። የሚቀጥለው ለግንቦት አጋማሽ ተቆረጠ።

ግንቦት እንደገባ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተጀመረ። አባቴ ከሥራ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። አቦይ ትንሿን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር። አባቴን ሲያዩ ራዲዮውን አጠፉት። በኋላ አቦይ፣ “ለወኪሉ ደውዪልኝ” አሉኝ።

ወኪሉ የሚለውን እየሰማሁ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። “ወደዚያ ዕቃ አንጭንም ይላል። እስኪረጋጋ። ቢጫንም ከአሰብ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባው መንገድ ተዘግቷል ይላል።”

“የሚያዝያው መርከብስ? ደርሶ ነበር?”

ጠየቅሁት። መልሱን ሰምቼ የስልኩን ገመድ በጣቴ ጠመዘዝኩ።

“ምን አለሽ?”

“ደርሷል ይላል። ሳይዘጋ በፊት ነው ዕቃውን ያራገፈው።”

አቦይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከስልክ ሳጥኑ ስንወጣ በሩን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ተለያየ። አብረው ሰርግ የሚበሉ ሰዎች መንገድ መቀያየር ጀመሩ። አንድ ቀን አንድ ወዳጁ አባቴን፣ “ከማን ጋር እንደምትውል አይተናል” አለው። አቦይንም የራሳቸው ሰዎች እንዲሁ እንዳሏቸው በኋላ ነው የሰማሁት። ግን ቅዳሜ ሲሆን አባቴ መጋዘኑ ይገኛል፤ አቦይ ሻይ በቴርሞስ ይዘው ይጠብቁታል። ስለ ጦርነቱ አይነጋገሩም። ስለ ፍሬን ይነጋገራሉ፣ ስለ ካምቢዮ ይነጋገራሉ። ሲጨርሱ የተሠራውን ፈትተው እንደገና የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ አቦይ ለሙከራ ብቻ በሚሰጥ፣ በተዋሱት ቀይ ታርጋ መኪናዋን ሊሞክሯት ወጡ፤ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰልባትዮው ውስጥ አምስት ሊትር ብቻ አፍስሰዋል። የሚፈተነው ሲጎድል ነው አሉኝ። ወደ ሎርበርግ ኮረብታ ወጣን። ኩርባው ላይ ሆን ብለው አጥብቀው ይጠመዝዙና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ሞተሩ አንዴም አላሳለም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ከግንቦት ወዲህ እንዲያ አላየኋቸውም ነበር።

“ዘይነብ ብታያት!” አሉ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። “አቦይ፣ ያቺ ነሐስ አልጠፋችም።”

“የቷ?”

“የመጀመሪያዋ። እኔ ነኝ ወንዝ ውስጥ የጣልኳት። ሲሰግዱ።”

መኪናዋን ዳር አስያዙ። ሞተሩን አጠፉ።

“ለምን?”

“አባዬ የሚሄድ መስሎኝ። መመለሻ ሲል ሰምቼ።”

ወርደው ሄዱ። ወይኑ የተተከለበት ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ ከተማውን ቁልቁል እያዩ ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ይጸልዩ ይቁጠሩ አላወቅሁም። ትተውኝ በእግራቸው የሚሄዱ መሰለኝ። በጣም ቆይተው ተመለሱና በሩን ከፍተው ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

“ሦስት ሳምንት” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ለማን ነግረሻል?”

“ለማንም።”

“እንግዲያው ለማንም አትንገሪ። አባትሽ በሰው ፊት የተቆጣኝ ያለ ጥፋቴ መሆኑን ካወቀ፣ ዓይኔን ማየት ያፍራል። ሰው ሁሉ በሸሸኝ ጊዜ አባትሽ አልሸሸኝም። በዚህች በቀረችኝ ጊዜ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንድንሰነባበት እፈልጋለሁ። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስንወርድ ኩርባዎቹን ቀስ ብለው ነዱ።

ሐምሌ ላይ መጋዘኑን ልቀቁ ተባለ። መኪናዋ በሌላ መርከብ ወደ ምጽዋ ልትጫን ሆነ። አቦይ “ከምጽዋ እየነዳሁ አሰብ ሄጄ ዘይነብን እጠብቃታለሁ፤ ቢያንስ በዚያ በኩል ለእሷ ቅርብ ነኝ” አሉ። አባቴ እስከ ወደቡ አብሯቸው ሄደ። በማግስቱ ሲመለስ እናቴ በሩን ከፈተችለት፤ ጫማውን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ “ሰልባትዮውን ሞልቼላቸዋለሁ” አለና መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቅዳሜ፣ ጠዋት ተነሥቶ የሥራ ልብሱን ይለብስና የሚሄድበት ሲያጣ እናየው ነበር።

በሚያዝያው መርከብ ተሳፍረው ኮምቦልቻ ቢገቡ ኖሮ በዚያ ዓመት ምን ይደርስባቸው እንደነበር ዛሬ ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። እንደሳቸው ያሉ ስንት ኤርትራውያን ከቤታቸው ተባርረው ድንበር ተሻገሩ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ሦስት ሳምንት፣ የእኔ ሦስት ሳምንት።

ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አባቴ አንሥቶ “አቦይ!” ብሎ ጮኸ። እናቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። አባቴ ይሰማል፣ “አልሐምዱሊላህ” ይላል፤ ከአባቴ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወይዘሮ ዘይነብ በጅቡቲ በኩል ዞረው አሰብ ገብተዋል። አቦይ በመኪናዋ እስከ ድንበሩ ሄደው ተቀብለዋቸዋል።

“አንቺን ይፈልጋሉ” አለኝና ስልኩን ሰጠኝ።

መስመሩ ያፏጫል። የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ይሰማኛል።

“ጓለይ፣ ትሰሚኛለሽ?”

“እሰማዎታለሁ አቦይ።”

“ዘይነብ መጣች። አጠገቤ ነች። ያቺን ነገር አሁን ተያት። ጨርሰናል።”

“እሺ” አልኩ። ሌላ ብዙ ነገር ልላቸው ፈልጌ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ።

አባቴ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ “ምን አሉሽ?” አለኝ።

“በትምህርትሽ በርቺ አሉኝ” አልኩት።